ከየትም ይግባ፣ ሁለት ነው

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ካርድ ልቀበል ኮተቤ ወደሚገኘው የድሮ ትምህርት ቤቴ ሄጄ፣ ገና በሩን እንዳለፍኩ የዘይት ቀለም ሸተተኝ። ሁለት ወጣቶች የቱታቸውን እግር ሰብስበው የቅርጫት ኳስ ሜዳውን መስመር ይቀባሉ። አንደኛው ገመድ ወጥሮ ይዟል፤ ሌላው ተንበርክኮ ነጩን ቀለም በብሩሽ ይስባል። የመጣሁበትን ካርድ ረሳሁት። እግሬ እዚያው ተተከለ፣ ፊቴም ጋለ። ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው። ያንን ክረምት ከአንዱ ድንጋጤ ወደ ሌላው ስሸጋገር ነው የጨረስኩት።

ስሜ ትዕግሥት ነው። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ በቤታችን ከእኔ በላይ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው አልነበረም። ቁጡ ነበርኩ፣ አጭርም ነበርኩ። ቁመቴ ከጓደኛዬ ከቤተልሔም ብብት አያልፍም ነበር። እንደዚህ ሆኜ የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል መሆኔን ሲሰማ ሁሉም ሰው ይስቅ ነበር። አምበል ያደረጉኝ ጋሽ ደጀኔ ናቸው።

ጋሽ ደጀኔ የስፖርት መምህራችን ነበሩ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ በቱታቸው ላይ ኮት የሚደርቡ፣ ፊሽካቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት እንደቀራቸው እናውቅ ነበር። ከእጃቸው የማይለይ አንድ ደብተር ነበራቸው። በወጣትነታቸው መምህራን ማሠልጠኛ ሳሉ የቅርጫት ኳስን ሕግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጃቸው የገለበጡበት ነው። ሽፋኑ አልቆ በካርቶን ተለብጧል። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ ገጹን የሚገልጡትም እጃቸውን በኮታቸው ከጠረጉ በኋላ ነበር።

ሜዳችን ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ኩሬ የሚሆን ነበር። ሰሌዳው ከጣውላ የተመታ ነው፣ ቀለበቱ መረብ የለውም፣ ምሰሶው ከእንጦጦ የመጣ ባሕር ዛፍ ሆኖ ወደ አጥሩ አዘንብሏል። ያለን ኳስ አንድ ብቻ ነበር። የቆዳ ኳስ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፤ ቤተልሔም "ድንጋይ ተሸክሜ ውዬ እጄ ዛለ" እያለች ታማርር ነበር። በዚያ ላይ ዝናቡ አላጫውት ሲል ጋሽ ደጀኔ ባዶ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ይደረድሩንና ሕጉን በቃል ያስጠኑናል። እርሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኛ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ እንጮሃለን።

"ከቅርጫት ሥር መቆም?"

"ሦስት ሰከንድ!"

"ግማሽ ሜዳ ለማለፍ?"

"አሥር ሰከንድ!"

"ሳይወረውሩ መቆየት?"

"ሠላሳ ሰከንድ!"

"ጨዋታው?"

"ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ!"

"ግብ?"

"ከቅጣት በቀር፣ ከየትም ይግባ፣ ሁለት ነው!"

ይቺን የመጨረሻዋን ስንል ድምፃችን ሌላ ነበር። ዘበኛው ጋሽ ቶሎሳ ዣንጥላቸውን ይዘው በመስኮት ብቅ ይሉና "ዛሬም ሁለት ነው እንዴ? አልጨመረም?" እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

እኔ ሁሉንም በሁለት ሳምንት እንደ ዳዊት ደገምኩት። ኳስ ስወረውር ቀለበቱ ጋ እንኳ የማላደርስ ልጅ፣ ሕግ ስጠየቅ ግን እስትንፋስ ሳልወስድ እመልስ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ደጀኔ ፊሽካቸውን አውልቀው እኔ አንገት ላይ አጠለቁልኝና "አምበል ማለት ሕግ የሚያውቅ ነው፤ ረጅምማ ባሕር ዛፍም ረጅም ነው" አሉ። ቤተልሔም አኮረፈች። እኔ ያን ዕለት እስከ ቤቴ ድረስ ጭቃውን ሳልረግጥ የሄድኩ መሰለኝ። በሕይወቴ ከማንም የበለጥኩበት ነገር እሱ ብቻ ነበርና።

አንድ ጊዜ ጨዋታው እንዴት እንደተጀመረ አጫወቱን። ጥንት፣ አሉ፣ የእውነት ቅርጫት ነበር ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፤ ሥሩም አልተቀደደም። ኳስ በገባ ቁጥር ሰው በመሰላል ወጥቶ ያወርደው ነበር። እኛ ክው አልን። በየግቡ መሰላል! "ታዲያ ለምን ቀደዱት?" ብዬ ጠየቅኩ።

"መውጣት መውረዱ ሰለቻቸዋ" አሉ።

ይኼ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አሳሰበኝ። ሕግ እንዴት ይቀየራል? በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝና ተረጋጋሁ። ብሉይና ሐዲስ እንዳለው ሁሉ የቅርጫት ኳስም መጀመሪያ ብሉይ ነበረው፣ ያ ሥሩ ያልተቀደደው። ከዚያ ሐዲሱ መጣ፣ የጋሽ ደጀኔ ደብተር። ከሐዲስ በኋላ ደግሞ ሌላ የለም።

አልፎ አልፎ ዝናቡ የተወልን ቅዳሜ ሲገኝ በጠዋት ወደ እንጦጦ ዳገት ያስወጡን ነበር። ባሕር ዛፉ ውስጥ የወደቀው ቅጠል ወፍራም ስለሆነ ኳስ አይነጥርም፤ ቅብብል ብቻ እንለማመዳለን። በዚያ ብርድ አፋችን እየጨሰ፣ ቅጠሉ እግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ያ ከባድ ኳስ ደረታችን ላይ ዷ ሲል ይሰማል። አንድ ቀን ስንወርድ ቱታ የለበሰ ሩጫ ላይ ያለ ወጣት ጋሽ ደጀኔን አይቶ ቆመ። የድሮ ተማሪያቸው ኖሯል፤ አሁን እሱም የስፖርት መምህር ሆኗል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና ኳሱን ከእኔ ተቀብሎ በእጁ መዘነው።

"ጋሼ፣ ሴቶቹን በዚህ ነው የሚያሠለጥኗቸው? የሴቶች ኳስ እኮ አሁን አነስ ያለ ነው። ደግሞ ከሩቅ ሲገባ ሦስት ሆኗል፤ ሜዳዎን አስቀብተውታል?"

ጋሽ ደጀኔ ሳቅ አሉ። "እሱ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው፣ ልጄ። ማስታወቂያ እንዲበዛለት የሚያደርጉት ነው" አሉና ኳሱን ከእጁ ወስደው ቁልቁል ወረዱ። እኔ ወጣቱን ዞሬ ዞሬ በክፉ ዓይን አየሁት። መምህር ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር አለማወቁ አሳፈረኝ፤ ለእሱ ብዬ አፈርኩለት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የክረምት ውድድር እንዳለ ተነገረን። ቦታው መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ሚኒባስ ተሳፍረን ስንሄድ እስከ ላምበረት ሕጉን ስንጮህ ነበር፤ ረዳቱ "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ተሳፋሪ ልጥራበት!" እስኪለን ድረስ።

የሜዳው በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሰሌዳ የሌለው ቅርጫት ነው። ቀለበት አለ፣ ነጭ መረብ አለ፣ ከኋላው ግን ሰማዩ ይታያል። "ሰሌዳቸው ተሰብሮባቸዋል" አልኩ ለቤተልሔም፤ አዘንኩላቸውም። አንዷ ልጅ ኳስ ወርውራ አየሩ ኳሱን መልሶ ሲተፋው ነው መስታወት መሆኑ የገባኝ። ከዚያ ሜዳውን አየሁት። የእኛ ከቅርጫቱ ሥር ያለው መስመር እንደ ቀሚስ ወደ ታች የሰፋ ነው፤ የእነሱ ደግሞ እንደ በር አራት ማዕዘን። በሩቅ ዙሪያውን ደግሞ ትልቅ ግማሽ ክብ ተሰምሯል። ምናልባት ተመልካች እንዳያልፍ የተደረገ መስሎኝ ልጆቹን "ያንን መስመር ማንም እንዳይነካ" ብዬ አስጠነቀቅኩ።

ኳሱን ሲሰጡኝ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ትንሽ ነው፣ ቀላልም ነው፤ እውነተኛውን እስኪያመጡ የልጆች መጫወቻ የሰጡን ነበር የመሰለኝ። ጋሽ ደጀኔን ዞሬ አየኋቸው። ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ግማሽ ክቡን ያያሉ።

ፊሽካ ተነፋ። ቤተልሔም ያንን ሁሉ ክረምት የከበደ ኳስ በወረወረችበት ጉልበቷ ወረወረች፤ ኳሱ በሰሌዳው አናት አልፎ ተመልካች መሐል ገባ። ሁለተኛዋም እንዲሁ፤ የሦስተኛዋ ኳስ ደግሞ አጥሩን አለፈ። ሳቅ ተጀመረ። ከሰሌዳው በላይ ደግሞ ቀይ ቁጥር የሚያሳይ ሣጥን ነበር፤ ከሃያ አራት ጀምሮ ይቆጥራል፣ ወደ ታች። ኳሱ እኔ እጅ ገብቶ ሳለ ቁጥሩ አምስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ሲቀንስ አንድ የሚፈነዳ ነገር መሰለኝ። ዜሮ ሲል እንደ ጭነት መኪና ጥሩንባ ጮኸ። ኳሱን ጥዬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። አሁንም ድረስ ያ ሳቅ ይሰማኛል።

ግን ያቃጠለኝ የሚቀጥለው ነው። አንዷ ባላጋራችን ከዚያ ግማሽ ክብ ውጪ፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ ካስጠነቀቅኩት መስመር በስተጀርባ ቆማ ወረወረች፤ ገባም። የነጥብ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጨመሩላት።

አሁን ተያዙ አልኩ። ይቺን አውቃታለሁ። ሜዳውን አቋርጬ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩና እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው፣ በሙሉ ድምፄ "ከቅጣት በቀር፣ ከየትም ይግባ፣ ሁለት ነው!" አልኩ።

ከዚያ ተመልካቹ በሙሉ፣ ወላጆቹ ሳይቀሩ፣ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ከኋላ "ደግመሽ በይው!" አለ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ያዘችና "የኔ እናት፣ ከየት ነው የመጣችሁት? ይሄንን ማን ነው ያስተማረሽ?" አለችኝ፤ እሷም በእውነት ደንግጣ።

ዞርኩ። ጋሽ ደጀኔ ከመስመሩ ጫፍ ቆመዋል። አንድ ቃል ይናገራሉ፣ ደብተራቸውን ገልጠው ያሳያሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተንቀሳቀሱም። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ያን ጊዜ በሕይወቴ የበለጥኩበት አንድ ነገር እንደሌለ፣ ኖሮም እንደማያውቅ ገባኝ።

"እሱ!" አልኩ ጣቴን ቀስሬ። "እሱ ነው! ሲዋሸን ነው የከረመው! ውሸታም!"

ሳቁ ቆመ። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰውን እሱ ማለት ጥፊ ያስቀምሳል፤ ውሸታም ማለት ደግሞ እንኳን ልጅ እኩያም አይደፍረውም። ቤተልሔም "ትዕግሥት!" ብላ አፏን ያዘች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና እኔም በራሴ ደንግጬ ቆምኩ። ጋሽ ደጀኔ ግን ደብተሩን ኮታቸው ውስጥ ከተው አግዳሚው ላይ የተዘበራረቀውን ሹራባችንን አንድ በአንድ ማጣጠፍ ጀመሩ። አርባ ስድስት ለአራት ተሸነፍን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው አንድም ጊዜ አልዞሩም።

ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣሁም። ለእማዬ ራሴን አሞኛል አልኳት። ነገሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን ቤታችን ፊት ለፊት ሰው ባለፈ ቁጥር ለእናቴ ሊነግሩብኝ የመጡ እየመሰለኝ ጓዳ እገባ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ንዴቴ አልበረደም። ዋሽተውኛላ! የምሻው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ቃል ማንሳት። እንዴት ተደርጎ እንደሚነሳ ግን አላወቅኩም።

ጳጉሜን እንደገባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ አቶ ይልማ ነጭ ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል። አጠገባቸው ጋሽ ቶሎሳ ዘበኛው፣ ያለ ዩኒፎርማቸው፣ በንጹሕ ካፖርት። እማዬ ወጥታ "ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ" ስትል አቶ ይልማ እጃቸውን አነሱ።

"አንቀመጥም፣ አስካለ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ይቺን ቃል የማያውቅ ሀበሻ የለም። ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ መጥቶ አልቀመጥም ካለ ልጅ ሊጠይቅ ነው። እህቴ ሮማን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የምትወደው ልጅ እንዳለ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ቃሉን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ፤ "ሳይነግረኝ እንዲህ ባንድ ጊዜ!" ብላ ጆሮዬ ሥር አንሾካሸከችና ወደ ጓዳ ሮጠች። የሣጥን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። "እንግዲህ… አባቷ የለም። አውቶብሱን ይዞ ደሴ ወጥቷል። ያለ እሱ እኔ ምን እላለሁ…"

"የመጣነው ለትልቋ አይደለም" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። "ለትንሿ ነው።"

እማዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በስመ አብ! አሥራ ሦስት ዓመት ላልሞላት ልጅ!"

"ኧረ አይደለም! ኧረ በሥላሴ!" አሉ አቶ ይልማም ደንግጠው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ። "ይቅርታ ልንጠይቃት ነው የመጣነው! ወዳጃችን መምህር ደጀኔ፣ 'ልጅቷን በድያታለሁ፣ ሽማግሌ ሁኑኝ' ብሎ ለምኖን ነው። ውጭ ቆሟል።"

ሮማን ቢጫውን ቀሚስ ለብሳ ጓዳው በር ላይ ደርሳ ነበር። እዚያው ደርቃ ቀረች።

እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። ውጭ ካፊያው ይወርዳል፤ በበሩ ስንጥቅ ሳይ ጋሽ ደጀኔ እውነትም ከአጥሩ ሥር ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ራሳቸው ረጥቦ፣ ቆመዋል። ትልቅ ሰው! በእኔ! ሽማግሌ የሚላከው በገዳይና በሟች ቤተሰብ መካከል፣ በባልና በሚስት መካከል ነው። ለልጅ ሽማግሌ ሲላክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ገቡ። አልተቀመጡም። "ትዕግሥት" አሉ።

"አቤት፣ ጋሼ።"

"የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ አስተምሬሻለሁ። ሰው ነግሮኝ ነበር፣ አንቺም እዚያ ተራራው ላይ ሰምተሻል። ከዚያ በፊትም ነግረውኛል። ማሠልጠኛው በር ላይ በየቀኑ አልፋለሁ፤ ገብቼ ብጠይቅ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም ነበር። አልጠየቅኩም። ደብተሬን ሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ፤ ተሻረ ሲሉኝ እኔም አብሬ የተሻርኩ መሰለኝ።" ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ከሁሉም ጠንክረሽ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ሰው ያሳቅኩት በአንቺ ነው። ይቅር በይኝ።"

አቶ ይልማ "ይቅር ለእግዚአብሔር በይ እንጂ፣ ልጄ" አሉ። ይህን ለማለት አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"ውሸታም ብያቸዋለሁ! በሰው ሁሉ ፊት! ጣቴን ቀስሬ!"

እማዬ "ምን አልሽ?" ብላ እጇን ስታነሳ ጋሽ ቶሎሳ መሐል ገቡ። "አይሆንም፣ አስካለ። ሽማግሌ ቆሞ ዱላ አይነሳም።" እኔ ግን የጋሽ ደጀኔ ጉልበት ላይ ወድቄ ነበር። ከረጠበው ሱሪያቸው ፊቴን ሳላነሳ አለቀስኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ እርሳቸው ቀድመው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ተቀመጠ፤ ሮማን ብቻ ቀሚሷን ልትቀይር ተመለሰች።

ጋሽ ደጀኔ ከኮታቸው ውስጥ አዲስ ደብተር አወጡ። ያን ሰሞን ማሠልጠኛው ገብተው፣ ልጃቸው ሊሆን ከሚችል መምህር ፊት ቁጭ ብለው፣ አዲሱን ሕግ በዚያ ባማረ እጅ ጽሕፈታቸው ገልብጠውታል። ግማሽ ሜዳ ለማለፍ ስምንት ሰከንድ። ሳይወረውሩ መቆየት ሃያ አራት። ጨዋታው አራት ጊዜ አሥር ደቂቃ። ከግማሽ ክቡ ውጪ ሦስት።

"መስከረም ላይ ለአዲሶቹ ልጆች የምታስጠኚው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "እኔ የዛሬ ዓመት የለሁም። አምበል ሕግ የሚያውቅ ነው።"

ደብተሩን ተቀበልኩ። ቀለሙ ገና አዲስ ነው። አንድ ገጽ ገለጥኩ፣ ሌላ ገጽ ገለጥኩ፤ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ከሁሉም ድንጋጤዬ ባሰ።

"ጋሼ፣ ይሄም ቢቀየርስ? እኔ ካስተማርኳቸው በኋላ?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እማዬም ሳቀች። ጋሽ ደጀኔ አልሳቁም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው ቀና ብለው አዩኝ።

"ያን ጊዜማ" አሉ፣ "አንቺም ሽማግሌ ትልኪያለሽ።"